ጫማ ያስወለቀችው የማቴራ በቅሎ

ወይዘሮ ሕብስት ዙሪክ ውስጥ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ጎረቤት ከተማ ዋሊሰለን ካለው የገበያ ማዕከል ልብስ ስታጣጥፍ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በኋላ ባሏን ተከትላ ስትመጣ ልጇ ሣራ የወተት ጥርሷን ገና አልጨረሰችም ነበር። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ አይሳሳትም። ባቡር ካመለጣቸው ባቡሩ ነው ቸኩሎ የሄደው። ወጡ ካረረ ጥፋቱ የምድጃው ነው፤ ምድጃው ካልሆነ ደግሞ የሕብስት። ሲሞት ከልቧ አለቀሰች። ዓመቱ ሲወጣ ግን ማንም ማንንም የማይወቅስበት ጸጥታ ቤቷ ገባ፤ እሷም ወደደችው።

ይህን ጸጥታ ሊያውክ የመጣው ኃይለመለኮት ነው። አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ጄኔቭ ውስጥ አውቶቡስ እየነዳ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እዚያው ጄኔቭ ዳር ያለችው የቶኔ ነዋሪ። በየእሑዱ እየደወለ ሲያጫውታት ከርሞ አንድ ቀን ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው የዋሊሰለኑ አቶ ሚሊዮን ነበር፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። የሕብስት አባትም እናትም በሕይወት ስለሌሉ ሣራ ፊት ቆመ።

"እናትሽን ለወንድማችን እንድትሰጪን ነው የመጣነው" አላት።

"እኔ? ማሚን? እሷ እኮ ትልቅ ሰው ናት፣ ራሷን ጠይቋት!"

ሕብስት ከወጥ ቤት ወጣች። "አቶ ሚሊዮን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ጣልያን ሊሄድ አይደል? ሁላችንም እንሂድ። መልሱን ከዚያ በኋላ እነግርዎታለሁ" አለች።

ሽማግሌው ሲሄድ ሐሳቧን ለሣራ አወጣችላት። "ሰውዬው ሲሳሳት ምን እንደሚል ልየው ብዬ ነው።"

"ካልተሳሳተስ?"

"ወንድ ነው፣ ልጄ። ትንሽ ቀን ይበቃዋል።"

ማቴራ በደቡብ ጣልያን ያለች፣ ከዓለት የተፈለፈለች ጥንታዊ ከተማ ናት። የአንዱ ጣሪያ ለሌላው መንገድ ነው። የዙሪክም የጄኔቭም ማኅበርተኛ ካርታ የያዘውን ኃይለመለኮትን ከፊት አድርጎ ጠዋት ወጣ። ከአደባባዩ ሥር የተቆፈረውን፣ ሰው በውስጡ የሚመላለስበትን ግዙፍ የውኃ ማጠራቀሚያ አሳያቸው። ቀንድ የመሰለውን የአገሩን ዳቦ አስቀመሳቸው። ድሮ ሁሉም ሰው በጋራ ምድጃ ስለሚጋግር የየቤቱ ሰው ዳቦው ላይ የራሱን ማኅተም ይመታ እንደነበር ሲነግራቸው ሕብስት ሳቀች። "በዳቦ የሚጣላ ጎረቤት እዚህም ነበር በሉኛ!" በልቧም፣ ጨዋታውስ ጥሩ ነው፣ አለች።

ከዚያ ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ደረጃ መጣ፤ ደረጃ ላይ ደረጃ። ሚሊዮን ጉልበቱን እየያዘ ያቃስታል።

"ጋሼ፣ አንድ መታጠፊያ ወደ ታች ነው መሰለኝ" አለች ሣራ ስልኳን እያየች።

"ልጄ፣ ጄኔቭ ውስጥ ስነዳ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ስቼ አላውቅም።"

ሕብስት ሟች ባሏን የሰማች መሰላት። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ብዙ ዓመት አብራው ኖራለች።

ኃይለመለኮት አንድ የዋሻ በር ፊት ቆመ። "ይኸው! ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን። ጫማ አውልቁ።"

"ለቤተ ክርስቲያን ትኬት ይቆረጣል እንዴ?" አለ ሚሊዮን፣ በሩ ላይ የተቀመጠችውን ጣልያናዊት አይቶ።

"ለጥገና ነው።"

ከውስጥ አንድ ድምፅ ረጋ ብሎ ይሰማል። ኃይለመለኮት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "ጸሎት ላይ ናቸው፣ ቀስ በሉ።" ማኅበርተኛው ጫማውን በሩ ዳር ደረደረ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መቃኑን እየተሳለሙ ገቡ። ትኬት ቆራጯ እጇን አየር ላይ እንደሰቀለች ቀረች።

ሕብስት ሰግዳ ቀና ስትል ዓይኗ ጨለማውን ለመደ። ፊት ለፊቷ ከፍ ያለ አልጋ አለ። አልጋው ሥር የዶሮ ቆጥ። ከወዲያ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ አንዲት በቅሎ።

"ጌታ የተወለደበትን በረት ነው የሠሩት" አለ ኃይለመለኮት፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

"በረት ውስጥ ፖፖ ምን ይሠራል?" አለ ሚሊዮን፣ ከተንበረከከበት ሳይነሣ።

ሣራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ማሚ፣ ይሄ ኪርኸ፣ ማለቴ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ሙዜኡም ነው! ድሮ ሰው ከከብቱ ጋር የሚኖርበት ቤት። የሚያወራው ሰውዬ ቴፕ ነው። በቅሎዋም የውሸት ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ከታች ነው።"

ሕብስት ኃይለመለኮትን አየችው። አሁን ካርታውን ይወቅሳል፤ ወይ ጣልያኖቹን፤ ወይ ቀድማ አልነገረችኝም ብሎ ልጇን። እንዲህ ካለ መልሷ ያለቀ ነው። ግን ምን ነካት? "እባክህ፣ እንዳትል" ስትል ራሷን ሰማች።

እሱ አፉን ሳይከፍት ከውጭ ጫጫታ ተነሣ። ሲወጡ፣ ከኋላ የመጡት ፈረንሳዮች የጫማውን ሰልፍ አይተው፣ ደንቡ ነው ብለው ጫማቸውን እያወለቁ ነው። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የተራራ ጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ያለከልካል፤ ሚስቱ የተቀደደ ካልሲዋን በሌላኛው እግሯ ትሸፍናለች። ትኬት ቆራጯ በጣልያንኛ ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም።

ኃይለመለኮት በካልሲው አንድ ደረጃ ወጣ። ለተሳፋሪ ይናገርበት በነበረው ድምፅ በፈረንሳይኛ ተናገረ፤ ከዚያ ለራሱ ሰዎች በአማርኛ ደገመው።

"ጫማችሁን አድርጉ! ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ሣራ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ለበቅሎ አሰገድኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

ፈረንሳዊው ሽማግሌ እስኪያስለው ሳቀ። "እኔማ ጉልበቴን እንድታድንልኝ ለምኛት ነበር" አለ ሚሊዮን።

ሕብስት ጫማዋን እያጠለቀች ጠራችው። "አቶ ሚሊዮን፣ መልሱን ልንገርዎት?"

"እዚህ? በቅሎዋ ደጅ?"

"እሺ ብላለች ብለው ይንገሩልኝ።"

ኃይለመለኮት አጠገባቸው ነው የቆመው። ግን ወግ ወግ ነውና ሚሊዮን ዞር ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እሺ ብላለች" አለው።

"ሰምቷል እኮ!" አለች ሣራ።

"ዝም በይ፣ ሽምግልና ላይ ነን" አላት ሚሊዮን።

"ቶኔ ግን አልሄድም፣ ሽዋመንዲንገን ነው የምንኖረው ይበሉልኝ" አለች ሕብስት።

ሚሊዮን ይህንንም አደረሰ። ኃይለመለኮት ስለ ቶኔ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

"ዕቃዬ ብዙ ነው በልልኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ዕቃው ብዙ ነው ይላል።"

"ዶሮ እስካልያዙ ድረስ አልጋ ሥር ይገባል ይበሏቸው" አለች ሕብስት፣ ሁለተኛውን ጫማዋን እያሰረች።