በሽቦ የታሰረው ፊውዝ

ዛሬ ጠዋት ወልቂጤ ውስጥ የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነበች ቤት ተቃጠለ። የተቀጣጠለውን መጋረጃ በእጃቸው ሊያጠፉ ሲታገሉ ሁለቱም እጆቻቸው ተቃጥለው ሆስፒታል ገብተዋል።

ልጃቸው ሽመልስ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ለመስቀል ባዶ እጁን እናቱ ቤት የሚገባ የእኛ አገር ሰው የለም።

ዛሬ የመብራት ፈረቃው ለሰፈራችን ደረሰና ምድጃውን ሰካው። ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየረው፤ አሁንም ተቃጠለ። በመጨረሻ በመዳብ ሽቦ አሰረው።

ከዚያ ወዲያ ፊውዙ አልተቃጠለም። የተቃጠለው ቤቱ ነው።

የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከድር ምድጃውን ከአመዱ አውጥቶ ጀርባውን አነበበ።

«220 ቮልት፣ 10 አምፔር ይላል። ሲባዛ 2200 ዋት ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍለው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት አቅም፣ 22 ኦም ብቻ ነው። የዚህ ቤት ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ ነው፤ የዚህን ግማሽ እንኳ አይችልም። ፊውዙ ይቃጠል የነበረው ይህን ሽቦ ከመጋል ሊያድን ነበር።»

«ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩልኝ ሠርቷል እኮ» አለ ሽመልስ።

«የሱቁ ሽቦ ወፍራም ነዋ፣ ወንድሜ።»

ከሰዓት ከሽመልስ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። እናቱ በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል።

«ምድጃዬ ተረፈ?» አሉት።

«ተርፏል፣ አዶት» አላቸው፣ እናቱን በጉራግኛ ጠርቶ።

«ተመስገን። ቤቱን ስናድስ አንተው ትሰካልኛለህ።»

ሽመልስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ለበዓል ወደየቤታችሁ እየገባችሁ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናንተ ቤት ፊውዙን በሽቦ ያሰረው ማነው? ምን እንደገጠማችሁ ጻፉልኝ፤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሽቦውን አስፈቱት።