በጥቁር ክር ያሰርኩት ደብዳቤ

ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ጨረቃ ስትሞላ ፓርክ ውስጥ አብሬያቸው ክብ ሠርቼ ለምቆማቸው ሴቶች እንኳ አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ ከክቡ ያስወጡኛል፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ ዊካን ነኝ፤ ተፈጥሮን የሚያመልክ የፈረንጆች እምነት ተከታይ። እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ያሉ ያገሬ ልጆች "ጠንቋይዋ" ይሉኛል፤ ግን ሰይጣን አልጠራም፣ መተትም አላደርግም። ምድርንና ወቅቶችን አከብራለሁ፣ ሻማ አበራለሁ፣ ቅጠል እቀምማለሁ። ከላይብረሪ መጻሕፍት ብቻዬን የተማርኩት ነው። የመጀመሪያው ሕጋችን ማንንም አለመጉዳት ነው። ሁለተኛው፣ ሳያስፈቅዱ በሰው ላይ ድግምት አለመድገም፤ ለደግም ቢሆን። ይህንን ለስንት ጀማሪ አስተምሬአለሁ መሰላችሁ?

ያፈረስኩት ግን እኔው ነኝ።

ሰናይት ከሰባት ዓመት ልጇ ከቤተል ጋር ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖር ነበር። ኪችኑ የጋራችን ነው። ጾም የማታፈርስ ኦርቶዶክስ ናት፣ ግን አልሸሸችኝም። ክፍሌ ውስጥ ያለውን መሠዊያዬን እያየች፣ "እታለም፣ ያንቺ ሻማ እኮ ከደብራችን በለጠ፤ አላርሙን አስጩኸሽ እንዳታስባርሪን" ትለኝ ነበር። ለንደን ውስጥ እታለም የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የክፍላቸው ግድግዳ ሻጋታ ስለነበረበት ቤተል ታስላለች። ስለዚህ ሰናይት የሰፈሩ አስተዳደር በርካሽ ለሚያከራየው የካውንስል ቤት አፕላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይሄዱብኝ ፈራሁ። አንድ ጠዋት ልቧን እዚሁ ቤት ላስረው ብዬ ተነሳሁ። ለማሰር ስሟ ያለበት ነገር ያስፈልጋል። በሩ ሥር ፖስታ ወድቋል፤ ስሟ አለበት። አነሳሁት። በጥቁር ክር ዘጠኝ ቋጠሮ አሰርኩት፣ በየቋጠሮው "ቆዪ" አልኩ፣ መሠዊያው ሥር ከተትኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰናይትን ኪችን ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት።

"ደወልኩላቸው እኮ። ቤት ደርሶሽ ነበር አሉኝ። ደብዳቤ ልከን መልስ ስናጣ ለሌላ ሰው ሰጠነው ይላሉ። ይሄ ፖስተኛ ምን አድርጌው ነው?"

እኔ ምን አልኩ? "አይዞሽ" አልኩ። ሻይ አፈላሁላት። ፖስታው ከተቀመጥንበት አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

ድግምቱ ያዘ ልበል? ምን ድግምት። ያስቀራት ጨረቃ አይደለችም፣ ክርም አይደለም፤ ደብዳቤዋን የሰረቀው እጄ ነው። ውስጡን አላየሁም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ። ፖስታው ላይ የካውንስሉ ምልክት ነበረበት። አይቻለሁ። እያየሁ አሰርኩት።

ሁለት ዓመት ቆዩ። ሁለት ዊንተር ሙሉ ቤተል ስታስል በግድግዳው ሰማሁ። ዝንጅብልና ማር አፍልቼ እወስድላታለሁ፤ ሰናይትም "እግዜር ይስጥሽ፣ ያላንቺ ምን እሆን ነበር" ትለኛለች። ከሳሉ ይልቅ ያ ምርቃት ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አሁን ስትሪትሃም የሚባል ሌላ ሰፈር ቤት አግኝተው ይኖራሉ። የሠራሽው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለስብሻል ይላል እምነታችን። ጠበቅሁ። የመጣብኝ ነገር የለም፤ ሰናይት ብቻ በየበዓሉ ትጠራኛለች።

ያሰርሽውን ባሰርሽው ሰው ፊት ፍቺ ብዬ ሌሎችን እመክራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ቤቷ እሄዳለሁ። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ዘጠኙም ቋጠሮ እንዳለ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ስታስል ያደረችው የእናንተ ልጅ አይደለችም። ክሩን ሰናይት ትፍታው። ከዚያ ወዲያ እታለም ባትለኝ፣ ለማን አቤት እላለሁ?