የአዘዞው ቀይ ጨርቅ

የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ካኪ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከሰው ይልቅ ሰማይ ሰማዩን የሚያይ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር። አንድ ማለዳ ጉም ኮረብታውን ስለሸፈነው፣ አብራሪው እንዳይወርድ የሚከለክለውን ቀይ ጨርቅ ሜዳው ላይ ዘረጋ። ታማሚ ባሏን አስመራ ሐኪም ቤት ልታደርስ የመጣችው ወለላ፣ አውሮፕላኑ ከላያቸው ሲያንዣብብ ሰምታ ካፖርቱን ጨምድዳ ያዘችው።

«ምነው አያ፣ ሰው እየሞተብኝ? ጨርቁን ያንሱልኝ!»

«ኮረብታው ሳይታይ አይነሳም፤ ደንብ ነው።»

«ደንብ አንጀት የለውም?»

እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀ።

«አንድ ጊዜ አንጀቴ ራርቶ አንስቼው ነበር፣ ልጄ።»

ወለላ ያኔ የሆነውን አልጠየቀችውም። አውሮፕላኑ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ረፋዱ ላይ ጉሙ ተገልጦ አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲያርፍ፣ የባሏን ቃሬዛ ከፊት የተሸከመው ጠባቂው ነበር።