እህቴ ዘር ስትቆጥር

የእህቴ ሥራ ዘር መቁጠር ነው። አትደንግጡ፤ የምትቆጥረው የከብት ቫይረስ ዘር ነው። ከታመመች ላም አፍ ናሙና ወስዳ ላቦራቶሪ ታስገባና ይሄ ቫይረስ የዚያኛው ልጅ፣ ያኛው የዚህ የአጎት ልጅ እያለች የዘር ሐረግ ትስላለች። የገዛ ዘመዶቻችንን ስም ግን በሹክሹክታ እኔን ነው የምትጠይቀኝ።

ሌላው አመሏ ጫማ ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ "በሽታ በጫማ ይጓዛል!" የሚለውን ስብከቷን ሳይሰማ አይቀመጥም።

አባታችንና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎታችን፣ አንድ አጥር እየለያቸው ላም ያረባሉ። ባለፈው ዓመት አፍተግር የሚሉት የከብት በሽታ ሁለቱም በረት ገባ። ላሞቹ አፋቸው ቆስሎ መኖ እምቢ አሉ፤ ማነከስ ጀመሩ። አባዬ "ከሱ በረት ነው የመጣው" አለ፤ አጎቴም "ከሱ ነው" አለ፤ ተኮራረፉ። አብረው ያረጁ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። እናታችን በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ከርማ በአንድ ነገር ብቻ አስማማቻቸው፦ እህቴ ከሁለቱም በረት ናሙና ወስዳ ትፍረድ።

የውጤቱ ቀን ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። እህቴ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"የሁለታችሁ ቫይረሶች እህትማማች ናቸው" አለች።

"አላልኩም ነበር?" አሉ ሁለቱም እኩል።

"ግን አንዱ ከሌላው አልመጣም። እናታቸው ያለችው ወንዝ ማዶ፣ ትልቁ እርባታ ውስጥ ነው።"

"እዚያ ደግሞ ማን ሄዶ?" አለ አባዬ።

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ያንን ሐረግ ከሷ በቀር ማንበብ የሚችል ቤታችን ውስጥ የለም።

"እኔ" አለች። "ናሙና ልወስድ። ስመለስ ቸኩዬ ቦት ጫማዬን ሳላጥብ መጀመሪያ ያንተን ላሞች አየሁ፤ ቀጥሎ የአጎቴን..."

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው ተያዩ።

"ሰማህ?" አለ አባዬ።

"ሰማሁ እንጂ ጋሼ! ጫማ፣ ጫማ እያለች ስታደነቁረን ከርማ!"

አጎቴ አባዬን ጋሼ ካለው ስንት ጊዜው! እናታችን እንባዋን ጠረገች። ሁለቱ እየተቀባበሉ እህቴን እስኪበቃቸው ወረዱባት፤ እሷ አቀርቅራ ትስቃለች።

ላሞቹ ድነዋል። እህቴ በመጣች ቁጥር ግን ሁለቱ በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መሃላቸው መድኃኒት የተበጠበጠበት ባልዲ አድርገው ይጠብቋታል። ከሰላምታ በፊት በአንድ ድምፅ "እግር!" ይሏታል።

እሷ ጫማዋን ሥራ ቦታዋ አጥባ ነው የምትመጣው። አልነገረቻቸውም። ዝም ብላ ትነክራለች።