ፋክቱሩ ላይ ያልተጻፉ ሦስት ሻርፖች

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ በስፓኒሽ ሂሳብ መጠየቅ ስማር። «እንደምን አደርሽ» ማለት የማልችል ሴት፣ «እባክዎ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይክፈሉ» የሚለውን አሳምሬ ይዤው ነበር። ሰው ወደ ቋንቋ የሚገባው በቸገረው በኩል ነው መሰለኝ።

የቸገረኝ እንዲህ ነው። ከዓለም ባንክ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን የጥጥ ሻርፕ እሠራለሁ። ሸማኔ ይሸምንልኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ እሰፋለሁ፣ እማዬ ደግሞ ጫፉን በጣቷ እየገመደች ትቋጨዋለች። ስፔን አገር ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ሥራችንን በስልክ አይታ አርባ ሻርፕ አዘዘችን። ከእነሱ የገና በዓል በፊት ካልደረሰ ግን እንደማትረከብ አስቀድማ ነገረችኝ። የሁለት ወር ልፋታችንም፣ የመጀመሪያዋ የውጭ ደንበኛዬም በዚያች ቀን ላይ ተንጠለጠሉ።

ፋክቱሩን፣ የዕቃውን ብዛትና ዋጋ የሚዘረዝረውን ወረቀት፣ በስፓኒሽ ፈለገችው። ወሬውን ስልኬ እየተረጎመ ያግባባናል፤ የምፈርምበት ወረቀት ላይ ግን እኔ የማላውቀው ቃል እንዲኖር አልፈልግም። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ሰው ጠይቄ ነው። ደግነቱ አጥር የምንጋራቸው ጋሼ በልጅነታቸው ለትምህርት ኩባ ተልከው፣ እዚያው አድገው የተመለሱ ናቸው።

«ጋሼ፣ ፋክቱር በስፓኒሽ ምን ይባላል?»

«ፋክቱራ።»

«እየቀለዱብኝ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ግማሽ ቀን ተምሬ ግማሽ ቀን ብርቱካን ስለቅም ያደግኩ ሰው ነኝ። ቀልድ የት አግኝቼ!»

እንዲህ ከቀለለማ ብዬ ተጀነንኩ። የቀረው ግን እንዲያ አልቀለለም። ካንቲዳድ፣ ብዛት። ፕሬሲዮ፣ ዋጋ። ዴስኩዌንቶ፣ ቅናሽ። እየጻፍኩ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ቤንሲሚየንቶ፣ ማለትም የመክፈያው ቀን ገደብ፣ አልያዝ ብሎኝ አንድ ቀን ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ደጋገምኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ ልወርድ ስል «አሜን» አሉ።

ጋሼ አንድ ነገር ላይ ብቻ አስቸገሩኝ። ደንበኛዋን በፋክቱሩ አናት ላይ «ኮምፓኜራ» ብለሽ ጥሪያት አሉኝ። ጓድ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ሰውን ጓድ ብዬ ገንዘብ ልጠይቅ?»

«እኛ የተማርነው እንዲያ ነው።»

ጓድን አስቀረኋት። አርባውን ሻርፕ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፣ ፋክቱሩን ጨምሬ ላክሁ፣ ደረቴንም ነፋሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከሴትዮዋ መልእክት መጣ። ዕቃው እነሱ አገር ጉምሩክ ተይዟል። ፋክቱሩ አርባ ይላል፤ ካርቶኑ ውስጥ የተገኘው አርባ ሦስት ነው።

እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እየቋጨች ነበር።

«እማዬ፣ ካርቶኑን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም።» አንድ ጫፍ ቋጨችና፣ «ምርቃቱን ብቻ ነው ያስገባሁት» አለች።

«የምን ምርቃት?»

«ሦስት ነው። አርባ ዕቃ የገዛ ሰው ያለ ምርቃት ይሸኛል? የጉሊቷ ቲማቲም ሻጭ እንኳ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች። ሴትዮዋ ምን ትለናለች?»

«ኮንትሮባንዲስት ትለናለች!»

እማዬ ክሩን ለቀቀችው። «ሰው በሰጠ ኮንትሮባንድ?»

ልቆጣት አልቻልኩም፤ እሷ ባታስገባው እኔ ራሴ ሳስበው ሳልጨምር አልቀርም ነበር። ወደ ጋሼ ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። ምርቃት በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ስጠይቃቸው አገጫቸውን አሻሹ። «ኩባ አሮጊቶቹ ‹ኮንትራ› ይሉት ነበር። እኛ በራሽን ስለኖርን ስሙን እንጂ ምርቃቱን አላየሁትም» አሉ። የስፔን ጉምሩክ ይህን ላያውቀው ይችላል ብለን «ሬጋሎ»፣ ስጦታ፣ ብለን ለመጻፍ ተስማማን። ችግሩ ጉምሩኩ ለስጦታም ዋጋ ይጻፍ ይላል። ዜሮ አይቀበልም።

«ምርቃት ላይ ዋጋ!» አለች እማዬ። «የሰጡትን መቁጠር ነውር አይደለም እንዴ?»

ነውሩን ለማሳነስ ብዬ እያንዳንዱን ሁለት ዩሮ አልኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ሌሎቹ ስንት ናቸው?»

«አሥራ ስምንት።»

«የነዚህ ምናቸው አንሶ ነው? ሁሉንም የቋጨሁት እኔ አይደለሁም?»

«ነውር ነው አላልሽም?»

«መጻፉ ነውር ነው። ሁለት ብሎ መጻፍ ግን ስድብ ነው።»

ጋሼ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኔ ግድግዳዬን ቀና ብዬ አየሁ። ዴስኩዌንቶ! አርባ ሦስቱንም በሙሉ ዋጋቸው ጻፍኩ፤ ከሥር ደግሞ የሦስቱን ዋጋ በቅናሽ ቀነስኩ። ሴትዮዋ የምትከፍለው ያው የአርባው ነው።

«ታዲያ መስጠታችን ተጽፏል?» አለች እማዬ።

«ከነዋጋው ተጽፏል።»

«ይሁና።»

ያኔውኑ ጦር ኃይሎች ሄጄ አሳተምኩት፣ ፈረምኩበት፣ ላክሁት። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ቀናት ባላወራቸው ደስ ይለኛል። መርፌ ጣቴን የወጋኝ ብዛት ስልኬን ያየሁትን ያህል ነው። በስድስተኛው ቀን ዕቃው ተለቀቀ፤ ሴትዮዋ እጅ የገባው ገናቸው ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። አርባውን መደርደሪያ ላይ ሰቀለች። ከሦስቱ አንዱን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ፎቶ ላከችልን፤ ለፋሲካቸው ደግሞ ስድሳ አዘዘች።

ስድሳውን የምናሽግ ዕለት እማዬ ከመኝታ ቤቷ አራት ሻርፕ ይዛ ወጣች። ወደ ካርቶኑ አልሄደችም። ፋክቱሩን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ «መጀመሪያ ጻፊያቸው» አለች። ጻፍኳቸው። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አየች፣ አራቱን ካርቶኑ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ስድሳ አራቱንም መልሳ አውጥታ፣ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።