የየኔታ የመጨረሻ ማኅሌት በሁለት ስክሪን

የኔነሽ ሰው እያያት ኮምፒውተር ከምትነካ፣ ቀኑን ሙሉ ጤፍ ስታርም ብትውል በወደደች። ግን ምን ታድርግ፤ አርብ ገበያ ከተማ ያለው የወንድሟ የደጀኔ ቪዲዮ ቤት ያለሷ ጠባቂ የለውም። ትምህርቷ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛውንማ በመልኩ ነው የምትለየው።

ደጀኔ ሠርግ ሊቀርጽ ወገዳ ሄዷል፤ ስልኩም አልገባ ብሏል። ልክ ያን ቀን መሪጌታ ጸጋዬ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም መጡ። የመምህራቸው የየኔታ አለባቸው ሙት ዓመት እሑድ ነው። የኔታ ለመጨረሻ ጊዜ የቆሙበት፣ ደጀኔ የቀረጸው ማኅሌት ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

«እስቲ አሳዪኝ ልጄ፣ ሊቃውንቱ ፊት ሳይቀርብ።»

ከፈተችው። ከበሮው ድው ይላል፤ መቋሚያው ቆይቶ ይነሣል።

«ምነው! ዝማሜውና ዜማው ተፋቱ እኮ!» አሉ መሪጌታ። «ይህን ያየ ደብተራ፣ የኔታ በስተርጅና ሳቱ እያለ ነው የሚስቅባቸው። እንዲህ ከሆነስ ይቅር፣ አይታይ።»

የኔነሽ በላብ ተጠመቀች። አበላሽቼው ይሆን? ምስሉን ከግራው ስክሪን ጎትታ ወደ ቀኙ፣ ወደ ሰፊው ወሰደችው። ያው ነው።

ያኔ የደጀኔ ነገር ትዝ አላት። «ስክሪኑ መስኮት ነው፤ ጉልበቱ ከውስጥ ያለው፣ ምስሉን የሚስለው ካርድ ነው። ሁለት ካርድ አለን፤ አንዱ ወይፈን፣ አንዱ የደረሰ በሬ። ወይፈኑ ከባድ ምስል ሲጎትት ከድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። ይሄ ኮምፒውተሩን የሚያዘው ሊኑክስ የሚሉት ካልነገርሽው ወይፈኑን ነው የሚጠምድልሽ። ፕሮግራሙን ስትከፍቺ ማውሱን በቀኝ ተጫኚና ከሚወጣው ዝርዝር ሁለተኛውን መስመር ምረጪ፤ በሬው እሱ ነው» ብሏት ነበር። እሷ ግን መሪጌታን አይታ ደንግጣ፣ እንዲያው ከፍታው ኖሯል።

እንግዲህ መዝጋት አለባት። ዘግታው ቢጠፋስ? የኔታን ሁለተኛ ልትቀብራቸው ነው እኮ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በሬ… በሬ ልቀይር ነው፣ መሪጌታ።»

«እዚህ ውስጥ በሬ አለ?»

ዘጋችው። ምስሉ ከሁለቱም ስክሪን ጠፋ። እመቤቴ ድረሽልኝ አለች በልቧ። በቀኝ ተጫነች፤ ሁለተኛው መስመር።

የኔታ ብቅ አሉ። ከበሮው ሲመታ መቋሚያው እኩል ተነሣ፣ እኩል ወረደ።

«እሰይ!» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ጠጋ ብለው አዩ። ሁሉም ልክ ሆኖ ሳለ፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት መቋሚያ ብቻ ዘግይታ ትነሣለች። የያዟት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው።

«ለዚችስ ሌላ በሬ የለሽም?»

የኔነሽ እንዳትስቅ ፈርታ አንገቷን ደፋች። «ያሉን ሁለቱ ናቸው፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ግድ የለም፣ ይታይ። በየኔታ ካልሳቁ፣ በኔ ይሳቁ።»