ሰሚራን ለመመለስ ወደ ቀወት ቆላ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደብረ ሲና ተነሣሁ። የጉዞዬ ምክንያት ሰሚራ ናት፤ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ። ኤችአይቪ በደሟ እንዳለ የክፍል ጓደኞቿ መድኃኒቷን አይተው አውቀዋል። እኔ አላወቅሁም ነበር። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የቫይረሱን መተላለፊያ መንገዶች ሳስረዳ «በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በማግሥቱ ቆላ ወላጆቿ ዘንድ ወረደች። እናትና አባቷ ተመርምረው ነጻ እንደሆኑ አክስቷ ነገረችኝ። እንግዲያው ከእናቷ አልተወረሰም። የተያዘችበትን መንገድ ካገኘሁ ስሟን አጥርቼ እመልሳታለሁ አልሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከዚያ በባጃጅ፣ በማሾ ማሳዎች መካከል፣ አቧራ እየጠጣሁ መንደራቸው ገባሁ።

እናቷ እትዬ ፋጡማ ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡልኝ። ሰሚራ ከጓዳ አልወጣችም። ልጅ ሳለች መርፌ ተወግታ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ወባ ሲነሣ ክኒን ማን ይጠብቃል? መርፌ ነው የሚያሽር። የቤታችን መርፌ ነበረን፤ መውጋት የሚችል ጎረቤት መድኃኒቱን ብቻ ይዞ ይመጣል።»

«ሌላ ሰው ተወግቶበት ያውቃል?»

«የሰው መርፌማ ወላሂ አናስነካም! የራሳችንን ነው እንጂ የምናውሰው። ታጥቦ ነው የሚመለስ።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ደም መርፌው ውስጥ እንደሚቀር፣ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ እንደማይበቃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በየጊዜው አዲስ መርፌ እንደሚያስፈልግ በዝርዝር አስረዳሁ።

«እኛም በሱው ተወግተናል። እኛን ለምን ተወን?»

«የተወጋ ሁሉ አይያዝም።»

ይህን ስል ማስረጃዬ ከእጄ አመለጠኝ። መርፌው ይሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል?

«መርፌው ነው፣ መምህር?»

«ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«መርፌው ካልሆነስ፣ ልጄን አይመልሷትም?»

ያኔ ሰሚራ ብቅ አለች። «ሰኞ ስለ መርፌ ያስተምሩ። ስለ እኔ ግን እንዳያነሡ። እንደዚያ ከሆነ እመጣለሁ።»

እሺ አልኋት።

አሥር ሰዓት፣ ደብረ ሲና

አብረን ተመለስን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ሁለት ወንበር ከኋላ። ሰኞ የመርፌን ጉዳይ በሰፊው አስተምራለሁ። የእሷ ከየት እንደመጣ ግን አሁንም አላውቅም። ይልቅስ ግራ ያጋባኝ፣ ልጅቷን ወደ ክፍሏ ለመመለስ ይህን ማወቅ ለምን እንዳስፈለገኝ ነው።